8 እንዴት 18 ሆነ?

የስምንት ዓመቷ ልጄ ያሳየችኝ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ከ20 18 ይላል። ደስ ብሎኝ ሳምኳት። በማግስቱ መምህሯ ደወሉ። ውጤቱ 8 ነው፤ ከፊቱ አንዲት ቀጭን መስመር ጨምራበታለች።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቀበቶዬ ነው። ያደግኩት ሶዶ ውስጥ፣ አባቴ ደጅ ላይ ሲያስል የልጆች ድምፅ በሚጠፋበት ቤት ነው። ተንበርክከናል፣ በርበሬ ታጥነናል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባል ነበር። ዛሬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ቅሬታ ሳዳምጥ እውላለሁ። ልጄ ግን 8 አመጣሁ ብላ ልትነግረኝ ፈራች።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤተሰቦችን አጥንታ የወላጆችን አያያዝ ሦስት ቦታ ከፈለችው። አንዱ «እኔ ስላልኩ!» የሚል አዛዥ ነው፤ ልጁ ታዛዥ ቢሆንም በራሱ መተማመን ይጎድለዋል። ሌላው ፍቅር እንጂ ወሰን የማያውቅ ልቅ ወላጅ ነው፤ ልጁ ራሱን መግዛት ይቸግረዋል። ሦስተኛው ሕግ ያወጣል፣ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ልጁንም ይሰማል፤ በብዙ ጥናት የተሻለ ውጤት የታየው ከዚህኛው ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን ቸልተኛውን አራተኛ አድርገው ጨመሩ።

ታዲያ ይህ ክፍፍል ለሁሉም አገር ልክ ነው? በ1994 እ.ኤ.አ. ሩት ቻው የምትባል ተመራማሪ የቻይናውያን ወላጆች ጥብቅነት ከአሜሪካው «አዛዥነት» ጋር አንድ እንዳልሆነ፣ ውስጡ እንክብካቤ እንዳለበት ጽፋለች። በእኛ ወላይታም ልጅ የሁለት ሰው ብቻ አይደለም። አባት የከለከለውን አያት ትፈቅዳለች፣ አክስት ትጨምርበታለች። በጊፋታ ሰሞን ዘመድ ሲሰባሰብማ የቤቱ ሕግ ሁሉ ይላላል። ከገጠር ቀበሌዎቻችን አዲስ አበባ ወርደው ጫማ የሚጠርጉ ልጆችስ? ወላጆቻቸውን ቸልተኛ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሕዝብ እንዲህ በተጨናነቀበት ዞን፣ ለልጅ የሚተርፍ መሬት በሌለበት ቤት፣ ልጅን መሸኘት ከቸልታ የተለየ ነገር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የቤታችንን በር ግን አያንኳኳም።

ያን ምሽት እናቴ መሀል ገብታ «ተዋት፣ ልጅ ናት» አለችኝ። በርበሬ ያጠነችኝ እሷው ናት! ቀበቶውን ተውኩት፤ ነገሩን ግን አልተውኩትም። «ለምን?» አልኳት ልጄን። «ትቆጣለህ ብዬ ነው አባዬ።» ለመምህሯ ራሷ ሄዳ እንድትናገር ተስማማን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቴሌቪዥን የለም፤ በዚያ ሰዓት አብረን ማባዛት እንለማመዳለን። ደክሞኝ ስገባ የምዘልበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ጠብቃ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ከ20 11። ሳምኳት። ሁለቱን አንዶች ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደ መብራቱ አዙሬ አየኋቸው።