ከታማሚው ወደ ኋላ፣ ከሐኪሙ ወደ ፊት

ሳንባ ካንሰር ለምን እንደበዛ ለንደን ውስጥ ማጣራት ሲጀምር እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ዶል የጠረጠረው የመኪና ጭስንና የመንገድ ሬንጅን ነበር። እሱ ራሱ ያጨስ ነበር።

ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ጋር የመረጡት ዘዴ የጤና ባለሙያዎቻችን «ኬዝ ኮንትሮል» የሚሉት ነው፤ ከበሽታው ይነሳና ወደ ኋላ ይጠይቃል። ሆስፒታል ለተኛ እያንዳንዱ የሳንባ ካንሰር ታማሚ፣ በጾታና በዕድሜ የሚመስለው በሌላ ሕመም የተኛ አቻ ተፈለገለት። ሁለቱም «ያጨሱ ነበር?» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው ውጤት ከ649 ወንድ ታማሚዎች የማያጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ ከ649 አቻዎቻቸው ግን 27።

ስሌቱን እንየው። በታማሚዎቹ 647 ለ2፣ በአቻዎቹ 622 ለ27፤ አንዱ ለሌላው ሲካፈል 14 ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር ከመቶ አጫሾች ስንቱ እንደሚታመም አይነግረንም። ታማሚውንና አቻውን እኩል ለእኩል የሰበሰቡት ተመራማሪዎቹ ናቸውና። (ሬዲዮ «አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል» ባለ ቁጥር እኔም «ከስንት ተነስቶ?» እላለሁ።)

ጠያቂዎቹ የማን ሕመም ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ካንሰር ያለበትን አጥብቀው ጠይቀውት ቢሆንስ? እዚህ ላይ አጋጣሚ ረዳቸው። ሳንባ ካንሰር አለባቸው ተብለው ከተጠየቁት አንዳንዶቹ በኋላ በሽታው እንደሌለባቸው ታወቀ። የእነሱ መልስ የአቻዎቹን ይመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ አቅጣጫውን ገለበጡት። ለብሪታንያ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ፤ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉት መለሱ። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ማን በምን እንደሚሞት። «ኮሆርት» የሚባለው ይህ ዘዴ ጊዜ ይበላል፣ መልሱ ግን ሰው ከመታመሙ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ትውስታ አያዛባውም፤ ከስንቱ ስንቱ እንደሞተም በቀጥታ ይቆጠራል።

ፒፓ የማይለየው ዝነኛው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር አልተቀበላቸውም። ማጨስንም ካንሰርንም የሚያመጣ አንድ የዘር ውርስ ሊኖር ይችላል አለ። መከራከሪያው የዋዛ አልነበረም፤ ሰውን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን አጭሱ ማለት አይቻልማ። ይሁንና ሲጋራ የተወ ሰው ውርሱ አይለወጥም። የሐኪሞቹ ክትትል 50 ዓመት ሞልቶት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም፣ በ60 ዓመታቸው ያቆሙት 3 ዓመት ገደማ ዕድሜ አትርፈዋል፤ በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ30 ያቆሙት 10።

ዶል ይህን ሁሉ አልጠበቀም። ሲጋራውን የጣለው ገና የመጀመሪያው ጥናት ሳያልቅ ነው።