ዜግነት ሳይጠይቁ ከንቲባ የሚያስመርጡባት ታኮማ ፓርክ

ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሐበሻ ታኮማን በስም ያውቃታል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በቀዩ የሜትሮ መስመር ላይ እንዳለች አንዲት ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያው ራሱ ያለው ደግሞ ዲሲ ውስጥ ነው! ታኮማ ፓርክ የምትባለው ከተማ የምትጀምረው ከጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ይህን ድንበር ያዙልኝ፤ የከተማዋ ታሪክ ግማሹ የድንበር ጣጣ ነው።

በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የሚባል የመሬት ነጋዴ ከዋሽንግተን በሚወጣው የባቡር ሐዲድ ዳር መሬት ገዛ። ያኔ የዋሽንግተን በጋ ሙቀቱም ወባውም አያስቀምጥም ነበር። ጊልበርት ታዲያ «ከፍታው፣ ዛፉ፣ የምንጭ ውኃው» እያለ መሬቱን ሸንሽኖ ሸጠ። ገዢው ጠዋት በባቡር ሥራ ይገባል፣ ማታ በባቡር ይመለሳል። በ1890 ሰፈሩ በሕግ ከተማ ሲሆን የመጀመሪያው ከንቲባ ማን ሆነ? ያው ሻጩ ጊልበርት።

ሰውየው ሲሸነሽን ያየው ሐዲዱን እንጂ ካርታውን አልነበረም። ሰፈሩ ከፊሉ ዲሲ ቀረ፤ የሜሪላንዱም ክፍል ቢሆን ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ በሚባሉ ሁለት ካውንቲዎች ተከፍሎ ኖረ። የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነው የአንዱ ልጅ በዚህኛው ካውንቲ ትምህርት ቤት፣ የጎረቤቱ ልጅ በዚያኛው ይማራል። ነዋሪው በ1995 ድምፅ ሰጥቶ ሁሉም ወደ ሞንትጎመሪ የተጠቃለለው ከሐምሌ 1997 ጀምሮ ነው።

በመሐል አንድ ትልቅ ጠብ ነበር። በ1960ዎቹ ሰፈሩን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቅ አውራ ጎዳና ታቀደ፤ ሳሚ አበት የሚባል የሥዕል ባለሙያ ጥቁሩንም ነጩንም ነዋሪ ይዞ ተነሣ። መንገዱ ቀረ፣ በ1978 የሜትሮ ጣቢያው ተከፈተ። አበት በ1980 ከንቲባ ሆነ፤ በእሱ ዘመን፣ በ1983፣ ከተማዋ ራሷን ከኑክሌር ነፃ ብላ አወጀች። ይህን ሰምቶ የሚስቅ አለ። ነገሩ ግን መፈክር ብቻ አልነበረም፤ ከተማዋ ዕቃ ስትገዛ ሻጩ በኑክሌር መሣሪያ ሥራ እጁ አለበት ወይ ብላ ማጣራት ግድ ሆነባት።

አሁን ወደ ምርጫው። ከ1990ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ክልሎቹን እንደገና ማካለል ነበረባቸው። ክልሎቹን በነዋሪ ብዛት እኩል አደረጓቸው። ግን አንዳንዱ ክልል ውስጥ መራጩ ከሌላው በጣም ያንሳል። ለምን? የሚቆጠረው ስደተኛ መምረጥ አይችልማ! ከነዋሪዎቹ አንዱ የሕግ መምህሩ ጄሚ ራስኪን ነበር (ኋላ ኮንግረስ ገብቷል)፤ እሱና ጓደኞቹ «ከተቆጠረ ለምን አይመርጥም?» ብለው ተነሡ። ሐሳቡ በኅዳር 1991 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ለጥቂት አለፈ፤ በ1992 ሕግ ሆነ። ሜሪላንድ በከተማ ምርጫ ማን እንደሚመርጥ ለየከተማዋ ስለምትተው ይቻላል። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸው ልጆች ተጨመሩ፤ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዜግነት ያልወሰዳችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። መዝገቡ ሁለት ነው። የስቴቱ መዝገብ የዜጎች ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» የሚሏችሁ ለዚህኛው ነው። ዜጋ ሳይሆኑ እሱ ላይ መፈረም ነገ የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። የከተማዋ መዝገብ ግን ማዘጋጃ ቤት ያለ፣ ለብቻው የተያዘ ነው። የምርጫ መረጃውም በአማርኛ ጭምር ይወጣል። የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ከንቲባውና የክልላችሁ የምክር ቤት አባል ብቻ አሉ፤ ፕሬዚዳንት የለበትም። ዕጩዎቹን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያላችሁ በቅደም ተከተል ታስቀምጣላችሁ፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይወድቅና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ይሄዳል።

«17 ሺህ ተኩል ሰው ለሚኖርባት ከተማ ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። ከንቲባውና ስድስቱ የምክር ቤት አባላት ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራሉ፤ ከተማዋ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ቤተ መጻሕፍት አላት። ዋጋው ታዲያ ቤት ያለው ሰው ለካውንቲውም ለከተማውም ግብር መክፈሉ ነው። በገዛ ግቢው ያለውን ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ለተከራይ ግን የምክር ቤቱ ነገር ቀጥታ ኪሱ ይገባል፦ አብዛኛው አፓርታማ በዓመት ከተወሰነለት መጠን በላይ ኪራይ መጨመር አይችልም። ታኮማ ፓርክ ይህን የጀመረችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው በ2023 ነው።