የጨረቃ ገጽ እንዴት ተሠራ?

እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን ከፈጠራቸው ብርሃናት አንዷ ጨረቃ ናት። አባቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ ሠርቀ ወርኅንና አበቅቴን እየቈጠሩ አጽዋማትንና በዓላትን ይወስናሉ። ነገር ግን ሙሉ ሆና በወጣች ጊዜ ሕፃን ልጅ ቀና ብሎ «በፊቷ ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ወላጅ የሚመልሰው ሊያገኝ ይገባዋል።

ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ከ4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ በፊት ማርስን የሚያህል አካል ከምድር ጋር ተጋጨ፤ የተበተነውም ፍርስራሽ ተሰብስቦ ጨረቃ ሆነ። በመጀመሪያ ገጽዋ የቀለጠ ድንጋይ ነበረ። ስልባቦት በወተት ላይ እንደሚሰፍፍ፥ ቀላሉና ነጣ ያለው ማዕድን ወደ ላይ ወጣ፤ ከባዱ ዘቀጠ። አሁን ብሩህ ሆኖ የሚታየን ደጋው የጨረቃ ምድር ይህ ነው።

ከዚያም ታላላቅ የሰማይ አካላት እየወደቁ ሰፋፊ ጐድጓዶችን ቈፈሩ። ከውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ፈልቆ ሞላቸው፤ ሲረጋም ጠቈረ። የቀድሞ ተመራማሪዎች ውሃ መስሏቸው «ባሕር» ብለው ሰየሙአቸው፤ ውሃ ግን የለባቸውም። ድንጋዩም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በደጋው አገራችን ለቤት መሠረት የምንጠርበው ጥቁር ድንጋይ የዚያው ወገን የሆነ ባዛልት ነው።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ኒል አርምስትሮንግና በዝ አልድሪን «የጸጥታ ባሕር» በተባለው ሜዳ ላይ ወረዱ። እስከ 1965 ዓ.ም. በተደረጉት ስድስት ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር ወደ ምድር መጣ፤ ዕድሜውም ተመረመረ። በምድር ላይ ዝናምና ነፋስ የጥንቱን ጠባሳ ያጠፉታል፤ በጨረቃ ላይ ግን ሁለቱም ስለሌሉ ጠባሳው ሳይደመሰስ ይኖራል። ስለዚህ ጕድጓድ የበዛበት ሥፍራ ጥንታዊ፥ ያነሰበትም ከእርሱ በኋላ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል።

ይህን የዓመት ብዛት ሰምተው የሚታወኩ ወላጆች አሉ። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ፈጣሪው ማን እንደ ሆነ ያስተምረናል፤ የድንጋይ ምርመራ ደግሞ ሥራው በምን መንገድ እንደ ተከናወነ ይጠይቃል። ልጅ በትምህርት ቤት የሰማውን በቤቱ መናገር ከፈራ፥ ዝምታው ቀስ በቀስ ወደ ጸሎቱም ይደርሳል። እንግዲህ በመጪው ሙሉ ጨረቃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ፤ ደጋውንና «ባሕሩን» እየለያችሁ አሳዩአቸው። የተመረመረው ፍጥረት ለአምላኩ ምስጋናን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።