ከአጥር ወደ ሣር የሚሻገረው ኮሸሽላ

የጎጃም ሰው ኮሸሽላን በአጥርነቱና በማገዶነቱ ያውቀዋል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው የባሶ ሊበኗ የጁቤም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ፣ ቅጠሉ ሳይቀር እሾህ የሆነውን ይህን ቁጥቋጦ ከብት አይደፍረውም። ሲደርቅ ደግሞ ቶሎ ስለሚነድ ሴቶች በባላ እንጨት እየገፉ ምጣድ ሥር ይማግዱታል። ጣጣው የሚመጣው ከአጥሩ ተሻግሮ የግቢውን ሰርዶ መውረስ ሲጀምር ነው።

ለመሻገር ወፍም ነፋስም አይፈልግም። ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ ዘሩን ራሱ አርቆ ይወረውረዋል። ከዚያ ወዲያ በጉና ጥጃው ሳያውቁ ያግዙታል፤ ዙሪያውን ያለውን ሣር እየነጩ እሱን ስለሚያልፉት ብርሃኑም እርጥበቱም ለእሱ ይተርፋል። ግጦሽ በዝቶበት ሣሩ የሳሳ ግቢ ቀድሞ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ይሁንና ኮሸሽላ መጤ አይደለም። ቀይ ብርቱካናማ አበባ ያለው ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ አካንተስ ሴኒ፣ የእጽዋት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ብቻ ብለው ከመዘገቧቸው ተክሎች አንዱ ነው። አበባውን ንብም ረጅም ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎችም ይቀስሙታል። ከአሜሪካ ከመጣው የወፍ ቆሎ ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባም። የወፍ ቆሎ ቅጠል የከብት ጉበት ይመርዛል፤ ፍሬውንም ወፍ እየበላ በየቦታው ይዘራዋል፤ ከግቢ ጨርሶ ቢጠፋ አይቆጭም። ኮሸሽላ ግን ከሣሩ ይነቀል፣ ከአጥሩ ላይ ይቆይ እላለሁ።

በገጀራ ብቻ የተቆረጠ ኮሸሽላ ከጉቶው አቆጥቁጦ ይመለሳል። ስለዚህ ለእጅ መያዣ የሚሆን ግንድ ተትቶ ቅርንጫፉ ይመለመልና ጉቶው በዶማ ዙሪያውን ተቆፍሮ ከነሥሩ ይወጣል። ጊዜው ክረምት ነው፤ ዋልካ አፈር በበጋ ዶማ አያስገባም። አጥሩ ላይ ያለው ደግሞ አበባው ረግፎ ፍሬው ሳይደርቅ ከተከረከመ ወደ ሣሩ የሚወረወር ዘር አይኖርም።

ገበሬው በጤፍና በስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለ ፀረ አረም ሣርን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ስለሚያደርቅ ለግቢም የሚያስቡት አሉ። ነፋስ ግን ጠብታውን ወደ ጎረቤት ጎመንና ቃሪያ ይወስደዋል። ጓሮ ከጓሮ በሚዋሰንበት ከተማ ዶማው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የተነቀለበትን ጉድጓድ ነው። ባዶ የተተወ አፈር ውስጥ ተኝቶ የቆየው ዘር ይበቅላል። ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተደልድሎ፣ ከግቢው ጥግ የተቆረጠ የሰርዶ ሐረግ ከነአንጓው ሊቀበርበት ይገባል፤ ዝናብ እስካለ ድረስ ቶሎ ይያያዛል። ሰርዶው መሬቱን እስኪሸፍን በግ አይግባበት። በቀጣዩ ክረምት ብቅ የሚለው ቡቃያም እሾሁ ሳይጠነክር በእጅ ይነቀላል።