የገመድ አልባ ብሮድባንድ መሣሪያዎች የሬዲዮ ቅንብርና የመሥሪያ ቤቶች አገልግሎት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን በኔትወርክ ማከናወን ከጀመሩ ወዲህ የመስመር መቋረጥ ማለት ባለጉዳይን ያለ አገልግሎት መመለስ ማለት ሆኗል። የፋይበር ገመድ ላልደረሳቸው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ በሁለት ማማዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ አንቴናዎችን በመትከል የሚዘረጋው የገመድ አልባ መስመር ነው። መስመሩ ሲቆራረጥ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው መሣሪያው ቢሆንም፣ የችግሩ ምንጭ የሬዲዮ ቅንብሩ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ለስህተት በእጅጉ የተጋለጠው ቅንብር የቻናል ስፋት ነው። ስፋቱ ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ሲያድግ ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር በወረቀት ላይ ይነበባል። ሆኖም ተቀባዩ የሚሰበስበው ሁከትም በእጥፍ፣ ማለትም በ3 ዲሲቤል ከፍ ይላል፤ ከጎረቤት መሣሪያዎች ጋር የመጋጨት ዕድሉም ይሰፋል። በመሆኑም ሞገድ በተጨናነቀበት ከተማ በ20 ሜጋኸርዝ የተረጋጋ መስመር በ80 ሜጋኸርዝ ከሚቆራረጠው ይመረጣል።

የማሰራጫ ኃይልን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግም መፍትሔ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ግን የሌሎችን መስመር ከማወኩም በላይ የራስን ሲግናል ሊያዛባ ይችላል። ለአብነት በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠራና 5 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መስመር በአየር ላይ 122 ዲሲቤል ገደማ ያጣል። የማሰራጫው ኃይል 15 ዲቢኤም፣ የእያንዳንዱ አንቴና አቅም 25 ዲሲቤል ቢሆን በተቀባዩ ዘንድ የሚጠበቀው መጠን -57 ዲቢኤም አካባቢ ነው። የተለካው -70 ከሆነ ከሚጠበቀው ኃይል የደረሰው ሃያ አንድ እጁ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት የአንቴናዎቹ አቅጣጫና በመካከል ያለ ከለላ እንጂ የኃይል መጠኑ አይደለም።

በ5 ጊጋኸርዝ ክልል ከፊሉ ሞገድ ከራዳሮች ጋር በጋራ የሚሠራበት ነው። ደንቡ በሚተገበርባቸው ቻናሎች ላይ መሣሪያው ከማሰራጨቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል፤ ራዳር ካገኘም ቻናሉን ለቅቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስበትም። መስመሩ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዘግይቶ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ለብልሽት መቁጠር አይገባም። አንዳንድ ተካዮች ይህን ጥበቃ ለማምለጥ በመሣሪያው ላይ የሌላ አገር ስም ይመርጣሉ። ድርጊቱ ሕጋዊ ተጠያቂነትን ከማስከተሉ ባሻገር የሌላውን አገልግሎት ያውካል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ የተፈቀደውን ቻናልና የኃይል ጣሪያ ከዚያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የርቀት ቅንብርም አለ። ሞገድ 10 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 67 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በመሣሪያው ላይ የተሞላው ርቀት ከእውነተኛው ካነሰ ላኪው ምላሹን ሳይጠብቅ ያንኑ መረጃ ደግሞ ይልካል፤ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል።

አንቴናዎቹ በዓይን መተያየታቸው ብቻውን በቂ አይደለም። በዚሁ 10 ኪሎ ሜትር መስመር አጋማሽ ላይ ሞገዱ በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሻው ነጻ ቦታ 11 ሜትር ገደማ ሬዲየስ አለው፤ ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው ከከለላ ነጻ መሆን ይኖርበታል። በአገራችን ይህ ጉዳይ ከባሕር ዛፍ ጋር ይያያዛል። በተከላው ዕለት ከመስመሩ በታች የነበረው ችግኝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞገዱን ይጋርዳል፤ በክረምት ቅጠሉ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ያን ጊዜ የትኛውም ቅንብር አያድነውም፤ ያለው አማራጭ ማማውን ማስረዘም ወይም ከዛፉ ባለቤት ጋር መነጋገር ነው።

መስመሩን የሚረከበው ኃላፊ የሬዲዮ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። በርክክብ ሰነዱ ላይ ግን ቻናሉና ስፋቱ፣ የማሰራጫ ኃይሉ፣ የተመረጠው አገርና በሁለቱም ጫፍ የተለካው የሲግናል መጠን እንዲሰፍሩ ማድረግ ይችላል። ፋብሪካው የሰጠው የይለፍ ቃልም ፊርማው ከመኖሩ በፊት መለወጥ አለበት። መስመሩ ከዓመት በኋላ ሲደክም፣ የተመዘገበውን አኃዝ ከዕለቱ ልኬት ጋር በማስተያየት ጥገናው ከየት እንደሚጀመር መለየት ይቻላል።