በኮፋኖ ሥር ያሉ የጎማ ክፍሎች አጠባበቅ

ዕቃ የጫነ መኪና በመንገድ ሲቆም የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚጠብቀው ነጋዴም ነው። ስለዚህ በኮፋኖ ሥር ያሉት የጎማ ክፍሎች ጥንቃቄ ይሻሉ።

ቱቦዎቹን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ጎጂ ነው፤ ነዳጅ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም፤ የቤንዚንም ተን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይልቁንስ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፈትቶ፣ በለስላሳ ሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ መወልወልና ማድረቅ ይገባል። ቀጥሎም ከውሃ ጋር የተዋሐደ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባል።

ቺንጋውን ግን ከቶ ቅባት ሊነካው አይገባም፤ ከተንሸራተተ ባትሪው አይሞላም፤ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞር ከሆነም ሞተሩ ይግላል። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ቱቦም በቅባት ቢያምር አይድንም፤ መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው።