ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን
በሰፈራችን የምናያቸውን የዱር እንስሳት ስለመመዝገብ

«የዱር እንስሳ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን ሰሜን፣ ባሌ ወይም አዋሽ ናቸው፡፡ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለማየት ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ይላል፡፡ ነገር ግን በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ጅቡ ሌሊት በበራችን ያልፋል፣ ጥንብ አንሳው ከልኳንዳው ጣራ ላይ ይውላል፡፡ ትንሽ ወጣ ስንል በመናገሻ ሱባ ጫካ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አሉ፡፡ በገፈርሳ ግድብና በአቃቂ ረግረግ ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች በበጋ ይታያሉ፡፡ ይህን ሁሉ እናያለን፤ ግን አንጽፈውም፡፡ በዚህች አጭር ጽሁፍ መመዝገቡ ለምን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚሠራ፣ እኔ ሰፈሬ ላይ ከሞከርኩት ጋር እያያዝኩ ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡

ለምን ይጻፋል?

የህንድ ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው፡፡ በ1980ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥንብ አንሳ በዚያ አገር እንደኛ ቁራ የትም የሚታይ ወፍ ነበር፡፡ እንዲህ የበዛን ነገር ማን ይቆጥራል? ደግነቱ ኬኦላዴኦ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ የቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፡፡ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ሲቆጠር ከ95 በመቶ በላይ ጠፍቶ ተገኘ፡፡ በ2004 አንዱ ትልቅ ምክንያት ታወቀ፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነበር፡፡ መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆምና ይሞታል፡፡ ህንድ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ አገደች፡፡ ታዲያ የድሮው ቁጥር ባይኖር ኖሮ «ዱሮ እኮ ብዙ ነበሩ» ከማለት ሌላ ማን ምን ማስረጃ ያቀርብ ነበር?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፡፡ በከተማችን የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ማለትም ቀጭን ምንቃርና ሮዝ መልክ ያለው መላጣ ፊት ያለው፣ ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል፡፡ ለውሻ ወይም ለጅብ የተቀመጠ መርዝ ጥንቡን የበላውን አሞራም ይገድላል፡፡ ሰፈራችን ውስጥ ከ10 ዓመት በፊት ስንት እንደነበሩ የሚናገር ወረቀት እኔ አላገኘሁም፡፡ ከአሁን ወዲያ ግን እንዲኖር ማድረግ ይቻላል፡፡

የዜና ጥያቄዎች እዚህም ይሠራሉ

አንድ ምዝገባ ከአንድ አጭር ዜና አይለይም፡፡ ምን ታየ? ስንት? የት? መቼ? ማን አየው? እንዴት አወቀው? እነዚህ ከተመለሱ ወሬው ማስረጃ ይሆናል፡፡ የኔ ዋና ምንጭ የሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ናቸው፡፡ እኛ ስንተኛ ነቅተው የሚያድሩት እሳቸው ስለሆኑ ማንም አይበልጣቸውም፡፡ አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ተነጋገርን፡-

«አባባ፣ ማታ ጅብ ነበር እንዴ?»
«ኧረ መዓት ነው ልጄ! ሰፈሩን ወረውት አደሩ፡፡»
«በዓይንዎ ስንቱን አዩ?»
«በዓይኔስ… ሦስት፡፡ ሌላው ጩኸት ነው፡፡»

«መዓት» እና «ሦስት» የተለያዩ መረጃዎች ናቸው፡፡ ሁለቱም ግን አይጣሉም፤ የታየው ለብቻ፣ የተሰማው ለብቻ ይጻፋል፡፡ ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፡- «ለኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፤ ከድልድዩ በላይ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፤ ጅብ፣ 3 የታዩ፣ ተጨማሪ ጩኸት የተሰማ፤ ያዩት የሰፈር ጥበቃ፣ በመንገድ መብራት፡፡»

ሰዓቱና ቀኑ

እዚህ ላይ የኛ አገር አቆጣጠር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፡፡ የኛ ሌሊት 9 ሰዓት በስልካችን የእንግሊዝኛ ሰዓት ከሌሊቱ 3:00 ነው፡፡ ቀኑም ቢሆን በተለምዶ ሲነጋ ነው የሚቀየርልን፤ ስልኩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል፡፡ «ኅዳር 12 ሌሊት» ብቻ ብንል አንባቢው የትኛውን ሌሊት እንደሆነ ይጠራጠራል፡፡ «አጥቢያ» የምትለው የአባቶቻችን ቃል ይህን ችግር ትፈታለች፡፡ ለኅዳር 13 አጥቢያ ማለት በስልኩ ኖቬምበር 22 ቀን 2024 ነው፡፡

ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት የመቀሌው ተመራማሪ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙትን ጥናት ማንሳት ይበቃል፡፡ በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ ሰበሰቡ፡፡ ውስጡ ከተገኘው ፀጉር የተበላው እንስሳ ይታወቃል፡፡ በጾም ወቅት ሥጋ ስለማይበላ የእርድ ትርፍራፊ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ጅቦቹ አህያ መብላት አበዙ፡፡ ጾሙ ሲፈታ ይህ ቀነሰ፡፡ ናሙናው ቀን ባይጻፍበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር፡፡ ለአህያ ባለቤት ደግሞ ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም፤ በየትኛው ወር በረቱን ማጠንከር እንዳለበት ይነግረዋል፡፡

ስም ለመስጠት አለመቸኮል

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ይባላል፡፡ «አሞራ» የምትለው ቃላችን ጥንብ አንሳውንም፣ ጭልፊቱንም፣ ንስሩንም ታቅፋለች፡፡ ስለዚህ ስሙን ካላወቅን ያየነውን እንጻፍ፡- መጠኑ ከዶሮ ይበልጣል ወይ? ጭራው እንደ ሹካ ተከፍሏል (የጭልፊት ምልክት ነው) ወይስ ድፍን ነው? ፊቱ ላባ አለው ወይስ መላጣ ነው? ምን ያደርግ ነበር? «ያልታወቀ አሞራ፣ ጭራው የተከፈለ» የሚል ሐቀኛ መስመር በግምት ከተሰጠ ስም ይሻላል፡፡

ያላየንበት ቀንም ይጻፋል

ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው፡፡ ቅዳሜ ጠዋት ለ30 ደቂቃ ልኳንዳው ፊት ለፊት ቆሜ ጥንብ አንሳ ካላየሁ «0» ብዬ እጽፋለሁ፤ የቆየሁበትንም ደቂቃ እጨምራለሁ፡፡ ያየንበትን ቀን ብቻ ከጻፍን እንስሳው እየጠፋ እንኳ ደብተሩ የሞላ ይመስላል፡፡ ተመሳሳይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ርዝመት ከሆነ ግን ያንዱን ዓመት ከሌላው ማወዳደር ይቻላል፡፡

የት ይላካል? ምንስ ይደበቃል?

ለጀማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፡፡ ኢንተርኔት ላለው ደግሞ በ2002 የተጀመረው ኢበርድ ለወፎች፣ በ2008 የተጀመረው አይናቹራሊስት ለማንኛውም ሕይወት ላለው ነገር ያገለግላሉ፡፡ ሁለተኛው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ተጀምሮ ዓለም አቀፍ የሆነ መሆኑ ለእኛ ለተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው፡፡ ፎቶ ወይም የተቀዳ ድምፅ ሲላክለት ሌሎች ዝርያውን በመለየት ይረዳሉ፡፡

ሁሉም ነገር ግን አደባባይ አይወጣም፡፡ ጋዜጠኛ ምንጩን እንደሚጠብቅ ሁሉ የጅብ ጉድጓድና የወፍ ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ መናገር አይገባም፤ መርዝ ይዞ የሚሄድ አይጠፋምና፡፡ በደብተራችን በትክክል እንጻፍ፣ ስናሳትም «ከወንዙ ማዶ» ማለት ይበቃል፡፡ እንስሳውን ለፎቶ ብሎ መቅረብ፣ ማባረር ወይም መመገብም አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለ አንርሳ፡፡

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አለኝ፡፡ ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ከተለያየ ዳርቻ ነው የምንመጣው፡፡ እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ 30 ደቂቃ ብንመዘግብና በየሴሚስተሩ መጨረሻ ብናሰባስበው ለዚህ ቡለቲን ከወሬ የራቀ፣ በቁጥር የተደገፈ ዘገባ ይወጣዋል፡፡ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ደግሞ «ዱሮ ስንት ነበሩ?» ሲሉ የሚገልጡት ገጽ እናቆይላቸዋለን፡፡